ማመልከቻውን የጻፍሁት እኔ ነኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤያችን አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ። ቅዳሴው ረዝሟል፣ የባሕር ዳር ፀሐይም በርትቷል፤ አላቆያችሁም። ቄስ «አላቆያችሁም» ሲል የሚያምነው እንደሌለ አውቃለሁ።

ዝውውሬ ከተሰማ ወዲህ ሁለት ዓይነት ሰው ቤቴ መጥቷል። አንደኛው «እንኳን ደስ አለዎት መምሬ» ይላል። ሁለተኛው ቡናውን ጠጥቶ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን አጥፍተው ነው?» ይላል። ከከተማ ጣና ዳር ወዳለችው ዘጌ የሚሄድ ካህን ተቀጥቶ እንጂ ወዶ አይመስልም መቼስ። እንግዲህ እዚሁ ዐውደ ምሕረት ላይ ልናገረው፦ ማንም አልገፋኝም። ለሀገረ ስብከቱ ማመልከቻውን የጻፍሁት እኔ ነኝ።

የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ለየካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ዘጌ ተሻግሬ ነበር። ያኔ በደንገል ታንኳ ነው። ደንገል ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ዳር ደርሶ ፀሐይ ካልመታው ለመመለሻ አይሆንም። እኔም እንደ ታንኳው ርሼ ቤተ ክርስቲያን ስገባ፣ አንድ ሽማግሌ ካህን ከመቅደሱ ግድግዳ ፊት ቆመው፣ መጋረጃውን ገልጠው፣ በሸንበቆ ዘንግ በላዔ ሰብእን ለሕፃናት ያሳያሉ። 78 ነፍስ የበላውን ሰው አሳዩ። ሚዛኑን አሳዩ። ዘንጉ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ከሰጣት፣ ሚዛኑንም ከደፋችለት ጥርኝ ውሃ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ እሳቸውም ዝም አሉ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ፣ ሳታውቀው መሰለኝ፣ መዳፏን ጥርኝ አድርጋ ዘርግታለች። ያቺ እጅ ይኸው እስከ ዛሬ ትታየኛለች።

በዚህ ደብር ያንኑ ታሪክ በየዓመቱ ሰብኬላችኋለሁ፤ በማይክራፎን፣ ድምፁ አስፋልቱን ተሻግሮ ገበያ ድረስ እየተሰማ። ያቺን ዝምታ ግን አንድ ቀን አላገኘኋትም። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ እኔ ቃል አበዛለሁ።

ዘጌ፣ አባቶቻችን እንደሚነግሩን፣ አቡነ በትረ ማርያም በ14ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኗት ናት። በቃል ኪዳናቸው መሬቷ በበሬ አይታረስም። ሕዝቡ ቡናውንና ጌሾውን ሸጦ እህሉን ይገዛል፤ ደኑም ከነጥላው የቆየው በዚህ ነው። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ሞፈርና ቀንበር የማይታይበት አገር መኖር ገና ከአሁኑ ይገርመኛል። ባለቤቴ «ጤፉስ ከወዴት ሊመጣ ነው?» አለችኝ። ከዚሁ ከባሕር ዳር ገበያ ነዋ! ልጄ ደግሞ ስለ ኔትወርክ ጠይቆኛል፤ ለእሱ መልስ የለኝም።

ደስታዬ ብዙ ነው፤ ፍርሃትም አለብኝ። የሚያስፈራኝ ግድግዳው ነው። በእነዚያ አብያተ ክርስቲያናት ብዙው ሥዕል የሚታየው በጭቃ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ነው። ጣሪያ አንድ ክረምት ካፈሰሰ ጨርቁ ከጭቃው ይላቀቃል። ምስጡ አለ፣ የጧፉ ጭስ አለ፣ «ልዳስሰው» የሚል እጅ አለ፤ የእኛው ምእመን እጅ ጭምር። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ አልሰብክም። ክረምት ሳይገባ ጣሪያውን አስፈትሻለሁ፤ የቀረውን ጊዜ ዘንጉን ከሚይዙት አባቶች እግር ሥር ቁጭ ብዬ እማራለሁ። የት ላይ ዝም እንደሚባል ማወቅ እፈልጋለሁ።

የካቲት 16 ኑልኝ። በጀልባ አንድ ሰዓት ግድም ነው።

ሐሙስ ዕለት ንዋያተ ቅድሳቱን ከቄሰ ገበዙ ጋር መዝገብ ይዘን ተረካክበናል። ሁሉም ሙሉ ነው፤ ከትልቁ ጽና፣ ከዕጣን ማጠኛው፣ ሰንሰለት ግን አንዲት ሻኩራ፣ ትንሽ ቃጭል፣ ጎድላ ተገኝታ በእኔ ስም ተጽፋለች። ከእናንተ ያስቀየምሁት ካለ ይቅር በሉኝ። ግቢውን ስትጠርጉ ሻኩራዋን ያገኘ ደግሞ ለቄሰ ገበዙ ይስጥልኝ፤ ከስሜ ላይ ይሰርዙልኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።