መምህሩ፣ ቴሌግራሙና የሰው መጽሐፍ

(ምስል፦ የመምህራን ክፍል። ጠረጴዛ ላይ የተገለጠ መጽሐፍ፣ ከላዩ የስልክ ካሜራ።)

ይህን ያላደረገ መምህር ካለ እጁን ያውጣ። መጽሐፉን እንገልጣለን። በግራ እጃችን ገጹን ጫን አድርገን፣ በቀኝ እጃችን በያዝነው ስልክ ጠቅ። ጥግ ላይ አውራ ጣታችን አብሮ ይገባል። ገጽ በገጽ ሄደን ስንጨርስ አንድ ፒዲኤፍ ይሆናል። ከዚያ የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንለቀዋለን። «ተማሪዎች፣ ለነገ ይህን አንብባችሁ ኑ።»

መጽሐፍ መግዛት የማይችሉ ልጆች የሚያስተምር ሰው ይህን ሲያደርግ ክፉ ነገር እየሠራሁ ነው ብሎ አያስብም። ልጆቹን አስቦ ነው። ታዲያ ሕጉ ምን ይላል? የቱን ይፈቅዳል፣ የቱ ላይ ያቆማል? እኛ ራሳችን የምናዘጋጀው ኖትስ የማን ነው? ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ነው።

እኔን ወደዚህ ነገር ያስገባኝ የራሴ ኖት ነው። የ10ኛ ክፍል የባዮሎጂ ማጠቃለያ ነበር። ሥዕሎቹን በእጄ ነው የሣልኳቸው። የልብን ሥዕል ብቻ አራት ጊዜ ደግሜዋለሁ፤ የግራው ግድግዳ ከቀኙ ወፍራም መሆኑ በደንብ እንዲታይ ፈልጌ። ለተማሪዎቼ በነጻ ለቀቅኩት። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ይሄ ያንተ አይደል እንዴ?» ብላ ስልኳን ዘረጋችልኝ። የኔው ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሜ የነበረበት ቦታ በነጭ ሳጥን ተሸፍኗል። በላዩ የአንድ ቻናል ስም በቀይ ተጽፏል። ያው ስም በየገጹ መሃል ደብዘዝ ብሎ ተጋድሟል፣ የልቡ ሥዕል ላይ ሳይቀር።

ገንዘብ አልፈለግኩበትም ነበር። ያ ነጭ ሳጥን ግን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ያን ቀን ማታ ቤት ገብቼ፣ እኔ ራሴ ለተማሪዎች የላክኋቸውን ፋይሎች አንድ በአንድ ከፈትኩ። ስንቶቹ ላይ የደራሲው ስም አለ? ብዙዎቹ ላይ የለም። ሽፋኑን ስካን ሳላደርግ ከምዕራፉ ነው የጀመርኩት። ነጭ ሳጥን አላስቀመጥኩም እንጂ ያደረግኩት ያው ነው።

(ምስል፦ «አዋጅ ቁጥር 410/1996» የሚል ጽሑፍ።)

ወደ ሕጉ እንግባ። ዋናው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ነው፣ ቁጥር 410/1996። በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። መጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ወሬ እናጥራ። ብዙ ሰው «ያልተመዘገበ ሥራ መብት የለውም» ይላል። እንዲህ አይደለም። ሥራው የራስህ ፈጠራ ከሆነና ወረቀት ላይ ወይም ፋይል ላይ ከሰፈረ ጥበቃው ከዚያች ሰዓት ይጀምራል። አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዶ ማስመዝገብ ጠብ ሲነሳ ለማስረጃ ይጠቅማል፤ መብቱ ግን ከምዝገባ በፊትም አለ። የኔ የልብ ሥዕልም፣ ያንቺ የሒሳብ ወርክሺትም ጥበቃ አላቸው።

ይኸው አዋጅ ግን ለመምህር በር ከፍቷል። አንቀጽ 11ን አንብቡት፣ አጭር ነው። በቀላል አማርኛ እንዲህ ይላል፦ የታተመ ሥራ ለማስተማር ተብሎ ሲባዛ፣ ተገቢ ከሆነው አሠራር እስካልወጣና ለትምህርቱ ከሚያስፈልገው እስካላለፈ ድረስ፣ ባለመብቱ መከልከል አይችልም። በተቻለ መጠን ምንጩና የደራሲው ስም ይጠቀስ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። መከልከል አይችልም ነው የሚለው። መምህሩ በልመና የሚያገኘው ነገር አይደለም። አንድ ምዕራፍ ወስደህ፣ የደራሲውን ስም ጽፈህ፣ ለክፍልህ ልጆች ብትሰጥ ሕጉ ካንተ ጋር ነው። መምህራን ይህን ስለማያውቁ ሁለት ዓይነት ሆነዋል። አንዱ ፈርቶ ምንም አያካፍልም። ሌላው ሁሉንም ነገር ለሁሉም ሰው ይበትናል።

«ከሚያስፈልገው እስካላለፈ» ማለት ስንት ገጽ ነው? አዋጁ ቁጥር አላስቀመጠም። ይህ ጥያቄ ሌላ አገር ፍርድ ቤት ቀርቦ በደንብ ተከራክረውበታል። እስቲ ወደዚያ ልውሰዳችሁ።

(ምስል፦ ከፎቶ ኮፒ ማሽን የሚወጣ ወረቀት፣ በስፒራል የተጠረዘ ሃንድአውት።)

ቦታው ዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ነው። ግቢው ውስጥ ራሜሽዋሪ የሚባል ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። ስድስት ኪሎ የተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ቤት ያውቀዋል። መምህሩ «ሃንድአውቱ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ» ይልሃል፣ ሄደህ ተሰልፈህ ትገዛለህ። ራሜሽዋሪም መምህራን ከተለያዩ መጻሕፍት የመረጧቸውን ምዕራፎች አባዝቶ፣ ጠርዞ ለተማሪ ይሸጥ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 ሦስት ትልልቅ አሳታሚዎች ከሰሱት፤ ኦክስፎርድ፣ ካምብሪጅ እና ቴይለር ኤንድ ፍራንሲስ። ዩኒቨርሲቲውም አብሮ ተከሰሰ።

የአሳታሚዎቹ ክርክር ቀላል አልነበረም። ምዕራፎቹን ሰብስቦ ጠርዞ መሸጥ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ማሳተም ነው አሉ። ተማሪዎችና መምህራን ደግሞ ተደራጅተው ወደ ክሱ ገቡ። ከአንድ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ለማንበብ መጽሐፉን በሙሉ ግዛ ቢባል ተማሪው መጽሐፉን አይገዛም፣ ትምህርቱን ነው የሚተወው አሉ። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በመስከረም 2016 ክሱን ውድቅ አደረገው። የዳኛው አካሄድ ልብ ይነካል። ተማሪ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ገጹን በእጁ ቢገለብጥ ማንም አይከሰውም። ታዲያ በማሽን ሲሆን ለምን ወንጀል ይሆናል? ይግባኝ ሰሚው ችሎት ለሚጣራ የፍሬ ነገር ጥያቄ መዝገቡን መልሶት ነበር። ሆኖም ዋናው መለኪያ ለማስተማር ያስፈልጋል ወይ የሚለው እንጂ የገጽ ብዛት አይደለም ብሏል። አሳታሚዎቹ በመጋቢት 2017 ክሳቸውን አነሱ።

የሕንድ ፍርድ አዲስ አበባ ላይ ሕግ አይሆንም። ቃሉም ከኛ አዋጅ ጋር አንድ አይደለም። የኛው አንቀጽ 11 ግን የሚጠይቀው ተመሳሳይ ጥያቄ ነው፦ ለዚህ ትምህርት፣ ለነዚህ ልጆች፣ ይህን ያህል ያስፈልጋል?

አሁን ጥያቄውን ይዘን ወደ ቴሌግራም እንመለስ። 60 ተማሪ ያለበት የተዘጋ ግሩፕ ላይ አንድ ምዕራፍ መላክ ማስተማር ነው። መጽሐፉን ከሽፋን እስከ ሽፋን ማንም ሰው ሊገባበት በሚችል ቻናል መልቀቅ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ያለው አንባቢ ተማሪህ አይደለም። ለራስ ብሎ አንድ ቅጂ መገልበጥን የሚፈቅደው አንቀጽ 9 እንኳ መጽሐፍን በሙሉ ወይም አብዛኛውን ክፍል መገልበጥ እንደማይጨምር ለይቶ ይናገራል። ስለዚህ «ለራሴ ነው» ብሎም ማምለጥ አይቻልም።

በዚህ ላይ የምሬን ልናገር። ኦክስፎርድ ሲከሰስና ሲከስ ይኖራል፣ አይጎዳም። የአማርኛ ደራሲ ግን ብዙውን ጊዜ የማተሚያ ቤቱን ክፍያ ከኪሱ ነው የሚያወጣው። ካርቶኑን ራሱ ተሸክሞ መጽሐፍ መደብር ለመደብር ይዞራል። የወረቀት ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ያ መጽሐፍ ገበያ ላይ በወጣ በሳምንቱ ፒዲኤፉ ቻናል ላይ ሲለቀቅ የሚጎዳው እሱ ነው። ቀጣዩን መጽሐፍ አይጽፍም። የሚያጣው ደግሞ የኛው ተማሪ ነው፣ በአማርኛ የተጻፈ ጥሩ አጋዥ መጽሐፍ ፍለጋ የሚንከራተተው።

በሙሉ ለመልቀቅ ነጻ የሆኑ ሥራዎችም አሉ። የጽሑፍ ሥራ ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ያረፉት መስከረም 1931 ነው፣ እንግሊዝ አገር በስደት ላይ ሳሉ። 50 ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል። የሳቸውን ጽሑፍ ስካን አድርጎ፣ በአዲስ ፊደል ተይቦ ለተማሪ መልቀቅ ይቻላል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ያረፉት በ1996 ነው፣ አዋጁ በወጣበት ዓመት። ስለዚህ «ፍቅር እስከ መቃብር» እስከ 2046 ድረስ ባለቤት አለው። አንድ ጥንቃቄ፦ የድሮ መጽሐፍ እንደገና ሲታተም አዲስ የተጨመረው መግቢያና ማብራሪያ የራሱ መብት አለው። የድሮውን ጽሑፍ ውሰዱ፣ አዲሱን መግቢያ ተዉት።

(ምስል፦ በክብ ውስጥ ሁለት የላቲን «ሲ» ፊደላት፤ የክሪየቲቭ ኮመንስ ምልክት።)

ይህን ምልክት አይታችሁት ታውቃላችሁ። ክሪየቲቭ ኮመንስ ይባላል። ሥራውን የሠራው ሰው «እነዚህን ነገሮች ሳትጠይቁኝ አድርጉ» ብሎ አስቀድሞ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ዓይነቱ ስድስት ነው፣ ሁሉንም አልዘረዝርም። ለኛ በጣም የሚያስፈልገንን አንዱን ብቻ ላሳያችሁ።

የእኩልነት ምልክት ያለበትን ተመልከቱ። «ሳትለውጡ አካፍሉ» ማለት ነው። ሲያዩት ደህና ይመስላል። ግን ትርጉም ለውጥ ነው። ይህ ምልክት ያለበትን የእንግሊዝኛ ትምህርት ወደ አማርኛ መልሰህ መልቀቅ አትችልም። ለእንግሊዝኛ አንባቢ ክፍት የሆነው በር ላንተ ዝግ ነው ማለት ነው። በነጻ ይገኛል ተብሎ ብዙ ደክማችሁ ከመተርጎማችሁ በፊት ይህችን ምልክት ፈልጉ። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ የኤምአይቲ ክፍት ኮርሶች በአብዛኛው መተርጎም ይፈቅዳሉ፤ ሁኔታው ምንጭ መጥቀስ፣ ለንግድ አለማዋልና በዚያው ፈቃድ መልሶ ማካፈል ነው። አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ፕሮጀክት ላይ ደግሞ በአማርኛ የተዘጋጁ የሕፃናት ተረቶች አሉ። እነሱን ማተምም፣ መለወጥም፣ ወደ ሌላ ቋንቋ መመለስም ይቻላል፣ የጻፈውና የሣለው ሰው ስም እስከተጠቀሰ ድረስ።

ዩኒቨርሲቲ ላላችሁ፦ እንደ ፈረንጆች በ2019 የወጣ ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አለ። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ጥናት ለሕዝብ ክፍት በሆነ ማከማቻ ይቀመጥ ይላል።

አሁን ሰው የማይጠብቀውን ልናገር። ለትምህርት ቤትህ ተቀጥረህ፣ የሥራህ አካል አድርገህ ያዘጋጀኸው ሃንድአውት የማን ነው? ሌላ ስምምነት ከሌለ አዋጁ የአሠሪው ያደርገዋል። ብዙ መምህር ይህን የሚሰማው ትምህርት ቤት ሲቀይር ነው። ኮሮና ጊዜ በ2012 ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በቪዲዮ ስናስተምር የተቀረጸው ሁሉ አንድ ቦታ ተቀምጧል። መምህሩ ሥራውን ከለቀቀ በኋላም ድምፁ እያስተማረ ነው። ስለዚህ ውል ስትፈርሙ ይህን ጠይቁ። አንድ መስመር ትበቃለች፦ «ያዘጋጀሁትን ትምህርት በስሜ መጠቀም እችላለሁ።» ማንም ስለጠየቀ አይቆጣም።

ማየት የተሳናቸው ተማሪዎችንም ላንሳ። በስልክ የተነሳ ፒዲኤፍ ለነሱ ባዶ ወረቀት ነው፤ ስክሪን የሚያነበው ፕሮግራም ሥዕል እንጂ ፊደል አያገኝም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የማራኬሽ ስምምነት መጽሐፍን ለነሱ በብሬል፣ በድምፅ ወይም በሚነበብ ፋይል ማዘጋጀት የቅጅ መብት እንዳያግደው ለማድረግ የመጣ ነው። ክፍላችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ተማሪ ካለ፣ አንዱን ምዕራፍ ተይቡለት።

እግረ መንገዴን ስለ ውጤት ዝርዝርም ልበል። የሞዴል ፈተና ውጤት ከነስሙና ከነመለያ ቁጥሩ ፎቶ ተነስቶ ግሩፕ ላይ ሲለቀቅ ስንት ጊዜ አየን? 23 ያመጣችው ልጅ ያን ምሽት እንዴት እንዳደረች ማንም አይጠይቅም። ከ2016 ጀምሮ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ። የሰው መረጃ ያለ በቂ ሕጋዊ ምክንያት አይሰራጭም። ውጤቱን ለየራሳቸው ላኩላቸው። ጊዜ ይወስዳል፣ አውቃለሁ። 60 መልእክት ነው።

(ምስል፦ የባዮሎጂ ኖት የመጀመሪያ ገጽ። ካሜራው ወደ ታችኛው መስመር ይጠጋል።)

ያንን የባዮሎጂ ኖት በኋላ አስተካክዬ እንደገና ለቀቅኩት። ኖቱ ከሥራ ሰዓቴ ውጪ ለብቻዬ የሠራሁት ስለሆነ ፈቃዱን መስጠት የኔ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ይህን ኖት አባዙ፣ ተርጉሙ፣ አስተካክሉ፣ ለተማሪ ስጡ። ስሜን አታጥፉ።» ከሥሩ የክሪየቲቭ ኮመንስ ምልክት አለ።

ባለፈው ዓመት አንድ የማላውቀው መምህር ወደ አፋን ኦሮሞ መልሶት አገኘሁት። የልቡ ሥዕል የኔው ነው፣ ጽሑፎቹ ተቀይረዋል። የደም ዝውውሩን አቅጣጫ የሚያሳዩ ቀስቶች ጨምሮበታል፣ ከኔው ይልቅ ግልጽ ሆኗል። መጀመሪያው ገጽ ላይ ስሜ አለ። ከሥሩ «ተርጓሚ» ይልና የሱ ስም አለ። የሱን ቀስቶች አሁን እኔም ክፍል ውስጥ እጠቀምባቸዋለሁ፣ ስሙን ጽፌ።