«ዘሩን የማታውቁትን ሻጋታ አትመኑ»፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከጎንደርና ከአካባቢዋ የደወላችሁልን ስለ እርሻ ተረፈ ምርት፣ ስለ ኢንዛይም (ሕያዋን የሚሠሩት፣ ምግብንና ሌላውን ነገር የሚቆራርጥ ንጥረ ነገር) እና ስለ ኢታኖል (እንደ ነዳጅ የሚነድ አልኮል) ነበር። የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያችን እንዲህ መልሰዋል።

ከአዘዞ፦ የጤፍ ጭድ ላይ እርሾ ጨምሬ ብደፈድፈው ነዳጅ አይወጣውም?

አይወጣውም ወንድሜ። ጭድ ውስጥ ስኳር አለ፤ ግን ሴሉሎስ (የዕፅዋት አካል የሚሠራበት ጠንካራ ጭረት) ሆኖ ስለተሳሰረ እንደተቆለፈ ጎተራ ነው። እርሾ ቁልፉ የለውም። መጀመሪያ ጭዱ ተፈጭቶ በሙቀት ወይም በኬሚካል መላላት አለበት። ቀጥሎ ሴሉሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ይቆራርጠዋል። እርሾው የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ፊንጫና መተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ኢታኖል ያወጡት ከሞላሰስ (ስኳር ሲመረት ከሚተርፈው ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ) ነው፤ እዚያ ስኳሩ የተፈታ ስለሆነ ሥራው ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ተጀምሮ ነበር። ከጭድ ለማውጣት ግን ኢንዛይሙ ኪስ ይጎዳል።

ከማራኪ፦ ይህን ኢንዛይም የሚሠራው ማን ነው?

ብዙ ጊዜ ትራይኮደርማ ሪሴ የሚባል ሻጋታ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰለሞን ደሴቶች ላይ የአሜሪካ ጦርን የጥጥ ድንኳን ሲበላ ነው የተገኘው። ጥጥ ማለት ሴሉሎስ ነዋ! ግን «እኔም ቤት ሻጋታ አለ» እንዳትሉኝ። ዘሩን የማታውቁትን ሻጋታ አትመኑ።

ከፒያሳ፦ የጠላ ድፍድፍ ኢታኖል አለው?

አለው። የሚያዋጣህ ግን ጠላው ነው።

ከቆላድባ፣ አንዲት እናት፦ ሻጋታ ኢንዛይም ካለው፣ የሻገተ ማሽላና ፋጉሎ ለላሜ ብሰጣት ምግቡን አያላላላትም?

እናቴ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ፤ ይህን ጥያቄ ስሰማ ስንት ጊዜዬ ነው! አስፐርጂለስ የሚባል የሻጋታ ወገን አለ። አንዱ፣ ናይጀር የሚሉት፣ ፋብሪካ ገብቶ ኢንዛይም ይሠራል። ወንድሙ ፍላቨስ ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል፤ ይህ መርዝ የጉበት ካንሰር ያመጣል። እርስዎ ጉድጓድ ውስጥ የከረመ ማሽላ ላይ ያዩት የትኛው ነው? እኔም በዓይን አይቼ አልለይም። ፋብሪካ ውስጥ እኮ ዘሩ ተመርጦ፣ ምግቡ ከሌላ ተሕዋስ ነፅቶ፣ መጨረሻ ላይ ኢንዛይሙ ከሻጋታው ተለይቶ ነው የሚወጣው።

ላሟ የበላችው መርዝ ከፊሉ ወደ ወተቷ ያልፋል። ወተቱን ልጅ ይጠጣዋል። «አፈላዋለሁ» ይሉኛል፤ ማፍላት አያጠፋውም። «የሻገተውን እጠርገዋለሁ» ይሉኛል፤ መርዙ ከሚታየው አረንጓዴ አልፎ ይገባል። የሻገተ እንጀራ ጠርጎ ለድርቆሽ ማስጣትም ያው ነው፤ ፀሐይ ያደርቀዋል እንጂ አያነፃውም። ለዶሮም አይጣል፣ ዶሮ ከላም ይብሳል። ደግሞስ ላሟ የሰው ኢንዛይም ምን ያደርግላታል? ጭድ የሚፈጩ ተሕዋስያን ሆዷ ውስጥ ሞልተዋል። እርስዎ እህሉን በደንብ አድርቀው፣ ፋጉሎውን ከመሬት ከፍ አድርገው ያስቀምጡላት። ላሟ መብላት ካቆመች ወይም ወተቷ ካነሰ የእንስሳት ሐኪም ጋ ይውሰዷት።

ከጠዳ፦ አረቄን በኢታኖል ምድጃ ማንደድ ይቻላል?

አረቄ ውኃው ብዙ ስለሆነ ምድጃህን ያበላሻል። ንጹሕ ኢታኖል ብታገኝ እንኳ ነበልባሉ በቀን ብርሃን እምብዛም አይታይም። ጠፍቷል ብለህ አትሙላ፤ ቀዝቅዞ ይሞላል።

ከአራዳ፦ የልብስ ሳሙና ዱቄት ውስጥ ኢንዛይም አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ብዙዎቹ ላይ አለ። ከባክቴሪያ ይሠራል፤ የደምና የወተት እድፍ ይበላል። ዘሩ የታወቀ ባክቴሪያ ነው፣ ልብ በሉልኝ።

ከአዘዞ፦ የባዮጋዛችን ጉድጓድ የበሰበሰ እንቁላል ይሸት ነበር፤ አሁን ሽታው ጠፋ። ወርጄ ልይ?

እንዳትወርድ! ያ ሽታ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ ሲበዛ አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ የጠፋ ይመስላል። ክብሪትም አትጫርበት። ወንድምህንም በገመድ አታውርድ፤ የወደቀን ሊያነሳ ገብቶ የሚቀር ብዙ ነው። የሠራላችሁን ባለሙያ ዛሬውኑ ጥራ።