ፊሽካው ሲጠፋ፦ ጠጅ ውስጥ ያለ እርሾ ውሃ ማጣቱን በምን ያውቃል?

(ምስል፦ አፉ በጨርቅ የታሰረ የጠጅ ጋን)

ሰላም፣ ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ከጎንደር ነው። ዛሬ የምንገባው ጋን ውስጥ ነው፤ አዎ፣ የጠጅ ጋን ውስጥ!

ባለፈው ቪዲዮ ስር ደጋግማችሁ የጻፋችሁት ነገር አለ። «ማር ጀርም ይገድላል፤ ጠጁን የሚያፈላው እርሾ ግን የማሩ መርዝ አይነካውም» የሚል። ቆይ፣ ቆይ። እዚህ ላይ ሳንቆም አናልፍም። ማር አሲድነትም፣ ሌላም ሌላም አለው፤ ትልቁ ጉልበቱ ግን መርዝ አይደለም። ውሃ መንጠቅ ነው! ጥሩ ማር ውስጥ ያለው ውሃ ከመቶ 20 እጅ አይበልጥም፤ የቀረው ከሞላ ጎደል ስኳር ነው። እዚያ የወደቀ ሴል ውሃው ይወጣና ይኮማተራል። የእኛ እናቶች ግን አንዱን እጅ ማር በሦስትና በአራት እጅ ውሃ ይበጠብጡታል። እንደዚያም ሆኖ ስኳሩ ብዙ ነው፤ እርሾው መጀመሪያ ላይ ውሃ ያጣል። ስለዚህ ይነካዋል፣ በደንብ ይነካዋል። የሚተርፈው ስለሚያውቅበት ነው።

በምን ያውቃል? ይቺን ስሙኝ።

ሌሊት ነው። ቅዳሜ ገበያ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ዘበኛው እየዞረ ፊሽካውን ይነፋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይነፋል። ባለሱቁ ቤቱ ተኝቷል፤ ፊሽካው እስከተሰማ ድረስ አይገላበጥም እንኳ። አንድ ሌሊት ፊሽካው ጠፋ። ጠበቀ፣ የለም። አሁንም የለም። ባለሱቁ ብድግ! «ሌባ!» ብሎ የጮኸ ሰው የለም እኮ። የቀሰቀሰው ዝምታው ነው።

የእርሾው ዘበኛ የሴሉ ሽፋን ላይ የተተከለ ካይኔዝ፣ ማለትም ፎስፌት የምትባል ትንሽ ኬሚካል ለሌላ ፕሮቲን የሚያቀብል ፕሮቲን ነው፤ ኤስኤልኤን-1 ይባላል። ሰላም ሲሆን ይሠራል፤ ፎስፌት እያቀበለ ኤስኤስኬ-1 የሚባለውን ሌላ ፕሮቲን፣ ባለሱቁን በሉት፣ ያስተኛል። ውሃ ሲወጣ ዘበኛው ዝም ይላል፤ ኤስኤስኬ-1 ይነቃል። ከዚያ በኋላ አንዱ ፕሮቲን ሌላውን እያነቃ ፒቢኤስ-2 የሚባለው ጋ ይደርሳል፣ እሱ የመጨረሻውን ፕሮቲን ሆግ-1ን ያነቃል፣ ሆግ-1 በደቂቃዎች ውስጥ ኒውክሊየስ ይገባል፣ ግሊሴሮል የሚባለውን ውሃ ሳቢ ሞለኪውል የሚያሠሩ ጂኖች ይነሳሉ፣ የግሊሴሮል መውጫው ይዘጋል። ግሊሴሮል ውስጥ ሲጠራቀም ውሃው ይመለሳል። ሾ-1 የሚባል ሁለተኛ መንገድም አለ፤ እሱን ሌላ ጊዜ።

ልብ በሉ፣ ጨው ቢሆን፣ ሶርቢቶል የሚባለው ጣፋጭ ቢሆን፣ ሆግ-1 ይነሳል። ሴሉ የሚጠብቀው ማሩን ወይም ጨውን ሳይሆን ውሃውን ነው።

እኔ ከሁሉም የምወደው ሙከራ ደግሞ ይሄ ነው። ተመራማሪዎች ኤስኤልኤን-1ን ከእርሾው ሲያጠፉት ሴሉ ይሞታል። ውሃ ሳይጎድልበት! ሆግ-1ንም አብረው ሲያጠፉት ግን ይተርፋል። የገደለው የማያባራው ንቃት ነበር ማለት ነው። ጤናማ ሴል ውሃው ሲመለስለት ሆግ-1ን መልሶ ያስተኛዋል።

ወደ ሰው ስንመጣ፣ የሆግ-1 ዘመድ እኛም ውስጥ አለ፤ ፒ-38 ይባላል፣ ሥራው ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። የኩላሊታችን ውስጠኛ ክፍል ከደማችን እጅግ የሚበልጥ ጨው ያለበት ቦታ ነው፤ እዚያ የሚኖሩ ሴሎች ዕድሜ ልካቸውን ከዚህ ጋር ይታገላሉ። ቀጣዩ ቪዲዮ የእነሱ ነው፤ እንዳያመልጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ጥያቄያችሁንም እንደ ማሩ ጥያቄ በድፍረት ከስር ጻፉልኝ።