ጀርባ የማይሰጡት ድንጋይ

እንደምን አመሻችሁ እናቶች አባቶች፣ እህት ወንድሞች፣ በተለይ ደግሞ ደብተራችሁን ይዛችሁ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ ልጆች። በዚ የደሴ ብርድ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ስለመጣችሁልኝ አመሰግናለሁ። ቡናው እየተቆላ ነው፣ አቦሉ እስኪደርስ ነው ማወራችሁ፣ አብሽሩ።

ልጅ እያለሁ፣ ሰባት ስምንት አመት ቢሆነኝ ነው፣ አባቴ ኮምቦልቻ ሲወርድ ይዞኝ ሄደና እዛ አቅራቢያ ያለውን ከድንጋይ የተጠረበውን የጥንት አንበሳ አሳየኝ። ድንጋይ መሆኑን አውቃለሁ፣ በእጄ ነክቼዋለሁ፣ ፀሀይ መቶት ሞቆ ነበር። ግን «በል እንሂድ» ሲለኝ ጀርባዬን ሰጥቼው መሄድ አቃተኝ። የአባቴን ኮት ጫፍ ጨብጬ ወደኋላ እያየሁ ነው የሄድኩት። አባቴ አልሳቀብኝም፣ «እሱኮ ጠባቂ ነው፣ አንተን ምን ያረግሀል» ብቻ አለኝ። ያቺ አነጋገሩ እስከዛሬ አልለቀቀችኝም።

ፋንታሲ፣ አስማት ያለበትን ልብወለድ ማለቴ ነው፣ ምታነቡ፣ ጌም ምትጫወቱ ልጆች ይሄን ነገር ታውቁታላችሁ። ጀግናው በሩ ጋ ሲደርስ ግራና ቀኝ የቆሙት ሀውልቶች አይናቸው ይበራል፣ አቧራው ከትከሻቸው ይረግፋል፣ አንገታቸው ይዞራል። ብዙ ሰው የደራሲ ፈጠራ ይመስለዋል፣ አደለም። ደራሲዎቹ የወረሱት ነው፣ ምክንያቱም የድሮ ሰው ሀውልት ነፍስ ሊኖረው ይችላል ብሎ ከልቡ ያምን ነበር፣ በር ላይም ያቆመው ለጌጥ ብቻ አደለም።

የአሦር ነገስታትን እዩ፣ ዛሬ ኢራቅ በምንለው አገር። ዳግማዊ ሳርጎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ አመት ባሰራው ከተማ በሮች ላይ ላማሱ ሚባሉ ጠባቂዎች ቆመው ነበር፣ ፊታቸው የሰው፣ ገላቸው የበሬ፣ ክንፍ ያላቸው፣ ቁመታቸው ከ4 ሜትር በላይ። እኔን ሚገርመኝ ግን እግራቸው ነው፣ አምስት ነው። ጠራቢው ተሳስቶ አደለም። ከፊት ለፊት ስትመጣ ሁለት እግር ገጥሞ ቆሞ ይጠብቅሀል፣ በጎኑ ስታልፍ ደሞ አራት እግር ይታይሀል፣ እየተራመደ ነው። አስቡት እስቲ፣ ግብር ይዞ የመጣ ገበሬ በዛ በር ሲገባ፣ ቆሞ የነበረው ነገር እሱ አንድ እርምጃ ሲራመድ አብሮት ሲራመድ! ሀውልት ሲነቃ ማለት እኮ ይሄው ነው፣ ያውም ያለ ምንም አስማት።

አስማቱም ግን ነበር። እዛው መስጴጦምያ የአማልክት ምስል ተቀርፆ ሲያልቅ ካህናቱ «አፍ ማጠብ» ሚባል ስርአት ያረጉለት ነበር፣ አፉ ካልተከፈተ እጣን አያሸትም፣ ምግብ አይበላም፣ ውሀ አይጠጣም ይላሉ። ግብፆችም «አፍ መክፈት» ሚሉት የራሳቸው ስርአት ነበራቸው። ስለዚ ድንጋዩ ድንጋይ ሚሆነው ሰው አፉን እስኪከፍትለት ድረስ ነው ማለት ነው።

ግሪኮች ጋ ስንመጣ ታሎስ አለ፣ የነሀሱ ግዙፍ ሰው። የቀርጤስን ደሴት በቀን ሶስቴ እየዞረ ይጠብቃል፣ መርከብ ሲጠጋ ድንጋይ ይወረውራል። ከአንገቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አንድ ደምስር ብቻ ነው ያለው፣ ጫፉ ላይ በነሀስ ችንካር ተደፍኗል። አንዱ ትረካ ሜዲያ የምትባለዋ አዋቂ ችንካሩን ነቀለችው ይላል። አፖሎንዮስ ሚባለው ገጣሚ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ አመት ሲፅፈው ደሞ አይኑን በድግምት ስታፈዝበት ቁርጭምጭሚቱ ሹል አለት ላይ ተጋጨ፣ ደሙም እንደቀለጠ እርሳስ ፈሰሰ። ያን ሁሉ ጉልበት ሰጥተውት አንዲት ቀዳዳ ተዉለት።

አሁን እቺን ደሞ ብእር ያላችሁ ፃፏት። አይሁዶች ጎለም ሚሉት አለ፣ ከጭቃ የተሰራ፣ ሚታዘዝ ግን ማይናገር። በአንዱ አፈታሪክ ግንባሩ ላይ «ኤሜት» ተብሎ ይፃፍበታል፣ በእብራይስጥ እውነት ማለት ነው፣ ከኛ «አሜን» ጋር ዘሩ አንድ ነው። ፊደሎቹን በኛው አስቀምጧቸው፦ አልፍ፣ ማይ፣ ታዊ። አ፣ መ፣ ተ። ጎለሙን ማስቆም ስትፈልግ አልፏን ትደመስሳታለህ፣ «ሜት» ይቀራል። «ሜት» ማለት ምን እንደሆነ ለወሎ ሰው ማስተርጎም አያስፈልገኝም፣ ሞተ ነው። እንግሊዝኛ አንባቢ በግርጌ ማስታወሻ ሚረዳውን እኛ በጆሯችን ነው ምንሰማው! በነገራችን ላይ ስመጥሩ የፕራጉ ረቢ ሎው በ1609 ነው የሞቱት (እ.ኤ.አ)፣ ጎለም ሰሩ ሚለው ታሪክ ግን በፅሁፍ የወጣው ከ200 አመት በላይ ቆይቶ ነው።

ሺ ከአንድ ሌሊት ከሚባሉት የአረብ ተረቶች ደሞ የነሀሱን ፈረሰኛ ታስታውሳላችሁ፣ መንገድ የጠፋው ሰው እጁን ሲያሸው ዞሮ አቅጣጫ ያሳያል። እንዲ እንዲያ እያለ በ1974 እ.ኤ.አ አሜሪካ ውስጥ ድራገንና ዋሻ ያለበት የዳይስ ጨዋታ ታተመ፣ ጎለሙም ሌላውም የድንጋይ ፍጥረት ብዙም ሳይቆይ እዛ ገባ፣ ከዛ ወደ ኮምፒውተር ጌም፣ ከዛ ስልካችሁ ላይ።

የኛስ? አክሱም አጠገብ ጎቦድራ ላይ አለቱ ላይ የተቀረፀች እንስት አንበሳ አለች፣ ርዝመቷ ከ3 ሜትር ያልፋል። ያገሩ ሰው ሚለው ቅዱስ ሚካኤል ሲታገላት አለቱ ላይ ወረወራት፣ ቅርጿም ታትሞ ቀረ ነው። ልብ በሉ፣ ሌላው ጋ ድንጋዩ ነፍስ ይዘራል፣ እዚ ደሞ ነፍስ ያላት ድንጋይ ላይ ቀረች። የተገለበጠ ነው። እኔ በአማርኛ ፋንታሲ ሚፅፉ ልጆች ጎለምን ሲያመጡ አልቃወምም፣ ግን ይቺ አንበሳ ብትነቃ ማንን ትጠብቃለች፣ ማን ላይስ ትነሳለች? ይሄን እስካሁን ፅፎ ያስነበበኝ ሰው የለም፣ በጣም ነው ምጠብቀው።

ስለዚ ለቅዳሜ ሚኒባስ ተይዟል፣ ኮምቦልቻ እንወርዳለን። እያንዳንዳችሁ አንበሳው አጠገብ ቁጭ ብላችሁ አንድ ገፅ ፃፉ። ምን እየጠበቀ እንደሆነ፣ አፉን ማን እንደሚከፍትለት፣ ችንካሩ የቱ ጋ እንዳለ። መነሻችን ጠዋት 1 ሰአት ነው፣ ደብተር ለሌለው እኔ ይዤ እመጣለሁ።