ደብተር ውስጥ የቀረ ምስጋና

እሺ… እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ። ስለ ሌላ ነገር ልቀዳ አስቤ ነበር። ግን ሰሞኑን በጣም ከምቀርባት ከእታለም ጋር ያወራነው ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

የማመሰግንበትን ነገር የምጽፍበትን ሰማያዊ ደብተር ታውቁታላችሁ። አዎ፣ እሱው ነው፣ አሁንም እጽፍበታለሁ። ከጊዜ በኋላ ግን የሚጽፈው እጄ ብቻ ሆነ። «ጤና። ቤተሰብ። ሥራ። ተመስገን።» ውሸት የለበትም። ስጽፈው ግን ምንም አይሰማኝም። ጠዋት ፊት እንደ መታጠብ ነው፤ ታጥባችሁ ትወጣላችሁ፣ አለቀ።

ይሄ የእኔ ብቻ ችግር አይደለም። ሶንያ ሉቦሚርስኪ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር የሠራችው ሙከራ አለ። ሰዎች ለ6 ሳምንት የሚያመሰግኑበትን ነገር እንዲጽፉ ተደረገ። አንዱ ቡድን በሳምንት 1 ጊዜ ጻፈ፣ ሌላው 3 ጊዜ። ደስታቸው ከፍ ያለው 1 ጊዜ የጻፉት ናቸው። ሲበዛ ይለመዳል ማለት ነው። ይሄን ሳነብ ቀለል አለኝ። በየቀኑ መጻፉን ትቼ እሁድ እሁድ ብቻ አደረግኩት። ረዳኝ? ለጥቂት ጊዜ፣ አዎ። ከዚያ እሁዱም ያው ሆነ።

ስለዚህ በደፈናው «ቤተሰብ» ማለት ይቅር አልኩ። አንድ ሰው፣ አንድ ምሽት፣ ያ ሰው ያደረገው አንድ ነገር። ያኔ ነው እታለም የመጣችልኝ።

እማዬ ሆስፒታል የነበረችበትን ጊዜ ታውቃላችሁ፣ እዚያ ውስጥ ተመልሼ አልገባም። ስልክ ይደወላል። አያባራም። ሰው ጨንቆት ነው የሚደውለው፣ ክፋት የለበትም። ግን ያንኑ ነገር ለእያንዳንዱ ስነግር፣ በነገርኩ ቁጥር እንደ አዲስ ይሆንብኛል። አንድ ምሽት እታለም ኮሪደሩ ላይ መጣች። ምንም አላለችም። እጇን ዘረጋች፣ ስልኬን ወሰደች፣ ወደ ደረጃው ሄደች። ከዚያ በኋላ የደወለውን ሁሉ ያነጋገረችው እሷ ናት። «ተኝታለች። አዎ፣ እነግራታለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።» እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ድምጿን እሰማለሁ። ለማንም ምንም ማለት የለብኝም። በቃ፣ መቀመጥ ብቻ።

ይሄን ጻፍኩት። ገጹ ሞላ። ደግሞ ተሰማኝ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። ከዚያ ምን እንደገፋፋኝ እንጃ፣ ደወልኩላትና እንዳለ አነበብኩላት።

ዝም አለች።

እታለምን ታውቋታላችሁ። «ማይኩን ዝጊና ምሳሽን ብዪ» የምትለዋ እታለም ዝም የምትል ሰው አይደለችም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ። «አለሁ» አለች። ትንሽ ቆየችና «ምን ሆነሽ ነው? ደህና ነሽ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። «እኔ እኮ ይሄን አላስታውሰውም» አለች።

«የቱን?»

«ስልክሽን መውሰዴን። እኔ ከዚያ ጊዜ የማስታውሰው ዘግይቼ መምጣቴን ነው። እናንተ ብቻችሁን ስትንከራተቱ እኔ…» አልጨረሰችውም።

ዘግይቼ መምጣቴን።

እኔ መዘግየቷን ራሱ አላስታውስም! ለማጽናናት ብዬ አይደለም። እኔ ዘንድ እሷ የመጣችበት ምሽት ብቻ ነው ያለው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ቀን የለም። እሷ ዘንድ ደግሞ ያለው ከዚያ በፊት የነበረው ብቻ ነው። አንድ ኮሪደር ላይ ነበርን እኮ። ይሄን ሁሉ ጊዜ እኔ በሆዴ ሳመሰግናት እሷ ራሷን ስትወቅስ ኖራለች፤ ሁለታችንም ለየብቻችን፣ ስለ ተመሳሳይ ሰሞን።

በፈረንጆቹ 2018 አሚት ኩማር እና ኒኮላስ ኤፕሊ የሚባሉ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት አለ። የምስጋና ደብዳቤ የሚጽፉ ሰዎች ተቀባዩ ያፍራል፣ ይጨንቀዋል ብለው ከእውነቱ በላይ ይገምታሉ። ምን ያህል እንደሚገርመውና ደስ እንደሚለው ግን አሳንሰው ነው የሚያዩት። እሺ። እኔም መገረሟን አይቻለሁ። ደስ አላት ወይ ብትሉኝ ግን አላውቅም። ስንሰነባበት ድምጿ ተለውጦ ነበር። ማልቀስ ከሆነ ደግሞ ለደስታም ለሐዘንም ይሆናል።

አንድ ነገር ልበል፣ ከርዕሱ ትንሽ ቢወጣም። ክፉ ቀን ላይ ያለን ሰው «አመስግን እንጂ» ማለት አልወድም። ያኔ ኮሪደሩ ላይ እንደዚያ ያሉኝ ነበሩ፣ ለበጎ ብለው። አልቻልኩም። እስካሁንም ሳስበው ያናድደኛል። እታለም እንደዚያ አላለችኝም። ስልኩን ነው የወሰደችው።

ምን እያልኩ ነበር… አዎ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርቲን ሴሊግማን እና ባልደረቦቹ በፈረንጆቹ 2005 ባወጡት ጥናት፣ የምስጋና ደብዳቤ ጽፎ በአካል ሄዶ ማድረስ ደስታን በጣም ከፍ ያደርጋል። ወር ያህል ይቆያል፣ በ3 ወር ግን ይጠፋል። ታዲያ ሲደበዝዝብኝ ምን ላደርግ ነው? ሌላ ሰው ፈልጌ ልደውል? እዚህ ጋ ነው የምፈራው። ምስጋናዬ እንዳይሰለቸኝ ብዬ ሰው የምፈልግ ከሆነ፣ ያ ሰው ለእኔ ምኔ ነው? እታለም የደብተሬ ማነቃቂያ አይደለችም።

ግን ደግሞ ባልደውልላት ኖሮ ያን መዘግየት እንደያዘችው ትኖር ነበር። ልክ ነው? ወይስ እኔ ነኝ እንደ አዲስ ያስታወስኳት? ይሄን መለየት አቃተኝ።

መጥፎ ነገር ሳይሆን ጥሩውን ነገር ባይኖርስ ብላችሁ አስቡት የሚሉ አሉ። በፈረንጆቹ 2008 የወጣ ጥናት ነው፤ ጥሩው ነገር ሳይሆን ሊቀር ይችል እንደነበር ማሰብ፣ መሆኑን ከማሰብ ይልቅ ስሜትን ያነሳል ይላል። እኔም ሞከርኩት። እታለም ያን ምሽት ባትመጣስ? ስልኩ እየጮኸ፣ እኔ እያነሳሁ… አልቀጠልኩም፣ ከበደኝ። ይሄንንም ልነግራት ፈለግኩ። ስለ መዘግየቷ አንዴ በደንብ ብናወራ አልኩ። ደግሞ አልደወልኩም። እሷም ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አላነሳችም፤ ስለ ሌላው ሁሉ ግን እናወራለን፣ እንደ ድሮው። እንደ ድሮው ነው? እኔ ነኝ ወይ ድምጿ ውስጥ የሌለ ነገር የምፈልገው… እንጃ። ምናልባት ሄጄ፣ በስልክ ሳይሆን… ወይም እሷ እስክታነሳው… እንጃ ብቻ።