ድምፃዊ በሌለበት መድረክ ፊት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ፖስት-ሮክ ኮንሰርት ነው፤ በተለይ ዘፋኝ ስለሌላቸው፣ በመሣሪያ ብቻ ስለሚጫወቱ ባንዶች። አልበማቸውን ደጋግሞ የሰማ ሰው በአካል አይቷቸው ሲወጣ ከሁለት አንዱን ይላል። ወይ «እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም» ይላል፤ ወይ ደግሞ «ጮኸብኝ፣ ረዘመብኝ፣ ምኑም አልገባኝ»። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከባንዱ አይደለም። ከአዳራሹ፣ ከቆሙበት ቦታ፣ ጆሮ ውስጥ ከተደረገው ወይም ካልተደረገው ነገር ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሙዚቃው ዝቅ የሚልበት ቦታ እንዴት እንደተያዘ ነው። የዛሬው ነገሬ በአብዛኛው ስለ እሱ፣ ስለ ዝቅታው ነው።

ለአዲስ አድማጭ በአጭሩ፦ ፖስት-ሮክ የሚለውን ስያሜ ያስለመደው እንግሊዛዊው የሙዚቃ ሃያሲ ሳይመን ሬይኖልድስ ነው፣ በ1994 እ.ኤ.አ.። ሐሳቡ የሮክን መሣሪያ ይዞ ሮክ ላልሆነ ዓላማ ማዋል ነበር። ዛሬ ቃሉ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው የግላስጎዎቹን ሞግዋይን፣ የሞንትሪያሎቹን ጎድስፒድ ዩ ብላክ ኤምፐረርን፣ የቴክሳሶቹን ኤክስፕሎዥንስ ኢን ዘ ስካይንና የቶኪዮዎቹን ሞኖን ነው። አራቱም የተመሠረቱት በ1990ዎቹ ነው፣ አራቱም እስከ ዛሬ መድረክ ላይ የሚታወቁት በዚሁ በረጅም አካሄዳቸው ነው።

ዘፋኝ ሲኖር ግጥሙ ይመራናል። የት እንደደረስን እናውቃለን፤ ይሄ አዝማቹ ነው፣ ይሄ ሁለተኛው ስንኝ ነው እንላለን። ዘፋኙ ሲጠፋ መሪውም አብሮ ይጠፋል። አድማጩን ይዞት የሚሄደው የድምፁ መውጣትና መውረድ፣ የመሣሪያው መብዛትና መሳሳት ብቻ ይሆናል። አንድ ጊታር አራት ኖታ እየደጋገመ ይጀምራል። ሁለተኛው ከላዩ ይገባል። ቤዝ ጊታሩ ከሥር ይይዘዋል። ድራመሩ፣ ከበሮ መቺው፣ መጀመሪያ ሲምባሉን (የብረት ሰሃኑን) በለስላሳ መምቻ ይነካካዋል፣ ቆይቶ ቶሞቹን (ወፍራም ድምፅ ያላቸውን ከበሮዎች)፣ በጣም ቆይቶ ስኔሩን (ሹል ድምፅ ያለውን ከበሮ)። ይህ ሁሉ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ «ምንም እየሆነ አይደለም» የሚል ሰው ካለ፣ በእኔ እምነት ዋናው ነገር እየሆነ ያለው በዚያች ሰዓት ነው።

ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። ዴሲቤል የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው። የሰው ጆሮ የ10 ዴሲቤልን ጭማሪ የሚሰማው በግምት እጥፍ እንደሆነ ድምፅ ነው። ዝቅ ያለው ቦታ 75 ዴሲቤል ቢሆን፣ ጫፉ ደግሞ 100 ቢደርስ፣ ልዩነቱ 25 ነው፤ ለጆሮ ከአምስት እጥፍ በላይ። አሁን ደግሞ ዝቅ ያለው ቦታ ወደ 90 ተገፍቷል እንበል። ጫፉ ያው 100 ነው፣ ልዩነቱ ግን እጥፍ ብቻ ሆነ። ባንዱ አንድም ኖታ ሳይቀይር ሙዚቃው ተለወጠ። ሰዎች «ጮኸብኝ፣ ግን አልነካኝም» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይሄኛው ሲገጥማቸው ነው።

ታዲያ ዝቅ ያለው ቦታ ለምን ይገፋል? አንደኛ፣ ሰው ያወራል። በአንድ ሜትር ርቀት ተራ ንግግር 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። ሃምሳ ሰው ሲያወራ፣ ከመጠጥ መሸጫው ብርጭቆ ሲጋጭ፣ ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም፣ ሚክሰሩ (የድምፅ ማደባለቂያው ሰሌዳ) ላይ ያለው የድምፅ ባለሙያ የጊታሩን ድምፅ ከዚያ ሁሉ በላይ ለማውጣት ይገደዳል። ሁለተኛ፣ ባለሙያው ሥራዎቹን አያውቃቸውም ይሆናል። የዘፈን ባንድ የለመደ ሰው ድምፅ ሲቀንስ «ጠፋ» ብሎ ፌደሩን (ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻውን) ይገፋል፤ ጫፉ ሲመጣ ደግሞ ተደናግጦ ያወርደዋል። በቅን ልቡና የባንዱን ሥራ በሁለት ጣቱ ጠፍጣፋ አደረገው ማለት ነው። ከባንዱ ጋር የሚዞር የራሳቸው ባለሙያ ሲኖር ልዩነቱ የሚሰማው እዚህ ላይ ነው፤ እሱ የትኛው ደቂቃ ላይ እጁን ሰብስቦ መቀመጥ እንዳለበት ያውቃል። ሦስተኛው ምክንያት ሊሚተሩ ነው። አንዳንድ አዳራሽ ድምፅ ከተወሰነ ልክ በላይ እንዳይወጣ የሚያፍን መሣሪያ አለው። እዚያ ውስጥ ጣሪያው ተቆርጧልና ወለሉን ዝቅ ከማድረግ በቀር ልዩነት የሚገኝበት መንገድ የለም።

የጆሮም የራሱ ሥራ አለ። በመካከለኛው ጆሮ ውስጥ፣ ከፍተኛ ድምፅ ሲመጣ የምትኮማተርና ድምፁን በተወሰነ ደረጃ የምትቀንስ ትንሽ ጡንቻ አለች። ችግሩ፣ ወይም ውበቱ፣ ጡንቻዋ ለመኮማተር አፍታ ይወስድባታል። ከረጅም ዝቅታ በኋላ ሁሉም መሣሪያ በአንድ ምት ሲገባ የመጀመሪያው ምት የሚያገኘን ጡንቻዋ ሳትዘጋጅ ነው። ሞግዋይ ይህን እንደ ሙያ ይዘውታል። የመጀመሪያ አልበማቸውን፣ የ1997ቱን፣ የሚዘጋው ከ16 ደቂቃ በላይ የሆነ ሥራ መድረክ ላይ ሲጫወቱት መሐል ላይ እስኪጠፋ ድረስ ያወርዱታል፤ ከዚያ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሁሉም በአንዴ ይመለሳል። የሚያውቀው ሰው እንኳ ይዘላል።

እዚህ ላይ ስለ ፔዳሎቹ፣ በእግር እየተጫኑ የጊታሩን ድምፅ ስለሚለውጡት ትንንሽ መሣሪያዎች፣ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም መድረኩ ላይ ጎንበስ ብለው የሚሠሩትን ነገር ማወቅ የሚሰማውን ይለውጠዋል። ጊታሪስቱ እግር ሥር ያለው ሰሌዳ ላይ ቢያንስ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር)፣ ዲሌይ (ኖታውን ቆይቶ የሚደግም) እና ሪቨርብ (እንደ ትልቅ አዳራሽ የሚያስተጋባ) አሉ። ቅደም ተከተላቸው ወሳኝ ነው። ዲስቶርሽኑ ቀድሞ ዲሌይና ሪቨርቡ ከተከተሉ እያንዳንዱ ኖታና ማሚቶው ለየብቻ ይሰማል። ሪቨርቡ ቀድሞ ዲስቶርሽኑ ከተከተለው ግን ማሚቶው ራሱ ይሻክርና ኖታዎቹ ተቀላቅለው አንድ ግድግዳ ይሆናሉ። ሁለቱም ይፈለጋሉ፤ ለዚህ ነው አንዳንዶቹ ሁለት ሪቨርብ የሚይዙት።

ዲሌዩ የሚስተካከለው በሙዚቃው ፍጥነት ልክ ነው። በደቂቃ 120 ምት ከሆነ አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ነው፤ ማሚቶው በ375 ላይ ሲቀመጥ በኖታዎቹ መካከል እየገባ የሚንከባለል ድምፅ ይሰጣል። በቀረጻ ላይ ሁለት ሰው የሚጫወተው የሚመስለው አንዱ ጊታር ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

ሉፐር፣ የተጫወቱትን ቀድቶ የሚደጋግም ፔዳል፣ ሲጨመርበት አደጋውም ይጨምራል። ጊታሪስቱ ስምንት ባር ቀድቶ እንዲደጋገም ለቀቀው እንበል። በ120 ፍጥነት፣ ባሩ አራት ምት ከሆነ፣ ስምንቱ ባር ልክ 16 ሰከንድ ነው። ድራመሩ ስሜቱ ግሎ ወደ 124 ከፍ ቢል የእሱ ስምንት ባር 15.5 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። አንድ ዙር ብቻ ሲያልቅ ሉፑ አንድ ሙሉ ምት ወደኋላ ቀርቷል። ሉፑ ሌላውን አያዳምጥም፣ አያፈገፍግም፤ መከተል ያለበት ድራመሩ ነው። ስለዚህ ወይ በጆሮ ማዳመጫ የሜትሮኖም ምት ይሰማል፣ ወይ ሞኒተሩ (ለተጫዋቾቹ የሚያሰማው ድምፅ ማጉያ) ውስጥ ሉፑ ከሌላው ሁሉ በላይ እንዲደረግለት ይጠይቃል። ሲፈርስ ደግሞ የሚታይ ምልክት አለው፦ ጊታሪስቱ በፍጥነት ጎንበስ ይላል፣ ሉፑን ይገድለዋል፣ ያንኑ ዜማ በእጁ ይይዘዋል። በደንብ የሚሠራ ባንድ ይህን የሚያደርገው ታዳሚው ሳያውቅ ነው። ይህን ማየት እኔን በጣም ደስ ይለኛል።

ሌላው ጣጣ ጫጫታ ነው። ሁለት ዲስቶርሽን ተደራርቦ ሲከፈት ጊታሩ ባይነካም አምፑ (የጊታሩ ድምፅ ማጉያ) ያጉረመርማል። በዝቅታው ቦታ ይህ ያስጠላል። ኖይዝ ጌት የሚባለው ፔዳል ጫጫታውን ይቆርጠዋል፣ ግን ቀስ እያለ እየሞተ የሚሄደውን የመጨረሻ ኖታም አብሮ ይቆርጠዋል። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ የኖታው ጭራ ከኖታው አያንስም። ስለዚህ ብዙዎቹ ጌቱን ትተው ድምፁን በእግር በሚሠራ የቮልዩም ፔዳል ይዘጉታል።

አሁን የት እንቁም? የኔ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከሚክሰሩ ፊት፣ ሁለትና ሦስት ሜትር ቀደም ብሎ፣ ከመሐል ትንሽ ወደ ጎን። ባለሙያው የሚያስተካክለው እሱ ለሚሰማው ነውና እሱ የሚሰማውን መስማት ይሻላል። ልክ መሐል ላይ የግራና የቀኝ ሰብዉፈሮች (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጡት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች) እኩል ስለሚደርሱ ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ ተደምሮ ይከብዳል። ትንሽ ወደ ጎን ሲሉ ይለቃል፤ የበለጠ ከራቁ ግን አንዱ ሌላውን የሚያጠፋበት ቦታ ይገጥማል። የ60 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 5.7 ሜትር ገደማ ነው፤ የአንዱ ሰብዉፈር መንገድ ከሌላው በዚያ ግማሽ ከበለጠ ያቺ ድምፅ ትሳሳለች። ቤዙ ጠፋ ያለ ሰው ሁለት እርምጃ ይሂድና ይሞክር። ግድግዳ ጥግ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ቤዙ ይከማችና ሁሉን ይውጠዋል።

ፊት ለፊት፣ መድረኩ ጫፍ ላይ መቆም የሚፈልግ ምን እንደሚያገኝ ይወቅ። የጊታር አምፕ ድምፁን እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት ይወረውራል፤ ከአንዱ ጊታር አምፕ ትይዩ የቆመ ሰው ያንን ጊታር ብቻ ሰምቶ ይመለሳል። ሦስት ጊታር ላለው ባንድ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። በልዋጩ እጅን፣ እግርን፣ መተያየትን ያያል። ዘፋኝ ሳይኖር አምስት ሰው እንዴት በአንድ ምት እንደሚገባ ማየት ለሚፈልግ ድራመሩን ይመልከት፤ ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከእሱ ነው የሚወጣው፣ ወይ በአንገት ወይ ከፍ ባለ ዱላ።

የጆሮውን ነገር በቁም ነገር ያዙልኝ። በሥራ ቦታ ጤና የአሜሪካው ተቋም ኒዮሽ (NIOSH) የሚመክረው ልክ 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ የቀረው 15 ደቂቃ ነው። ኮንሰርቱ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ስለዚህ የጆሮ መሰኪያ ያስፈልጋል፣ ጥያቄው የትኛው ነው። የስፖንጁ መሰኪያ ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ በላይ ስለሚቆርጥ ሲምባሉና የጊታሩ ብልጭታ ይጠፋሉ፣ ጭቃ ይቀራል። ለሙዚቀኛ የተሠራው፣ ማጣሪያ ያለው፣ ሁሉንም በተቀራራቢ ልክ ይቀንሳል። ለዚህ ሙዚቃ ከ15 እስከ 20 ዴሲቤል የሚቀንሰውን እመርጣለሁ። በጣም የሚያፍነው የሚያስከትለው ስሕተት አለ፦ ሰው ዝቅታው አልሰማ ሲለው መሰኪያውን ያወጣዋል፣ ጫፉም እንደወጣ ያገኘዋል። ስፖንጅ ብቻ ያለው ግን በቀጭኑ ያጠቅልለው፣ በሌላኛው እጁ ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳብ፣ ያስገባውና እስኪያብጥ 30 ሰከንድ ያህል በጣቱ ይያዘው። ግማሽ ገብቶ የቀረ መሰኪያ እንደሌለ ነው።

በስልክ ስለ መቅረጽ አንድ ነገር ብቻ። የስልኩ ማይክሮፎን ድምፁን በራሱ ያስተካክላል፤ ዝቅ ያለውን ያነሳል፣ ከፍ ያለውን ያወርዳል። ማለትም ሊቀረጽ የተፈለገውን ነገር ለይቶ ያጠፋል። ፎቶ ይበቃል።

ብርሃኑ ይለያያል። ጎድስፒድ የ16 ሚሊሜትር ፊልም በበርካታ ፕሮጀክተር እዚያው በእጅ እየተቀያየረ ከኋላቸው ያሳያሉ፤ እነሱ ግማሽ ጨለማ ውስጥ ናቸው፣ ለሰውም አይናገሩም። ሌሎች ደግሞ ጫፉ ላይ ስትሮብ ይለቃሉ። በሚብለጨለጭ ብርሃን የሚጥል በሽታ የሚነሳበት ሰው አስቀድሞ አዘጋጁን ይጠይቅ፤ ድንገት ከመጣ ደግሞ ዓይን መጨፈን አይበቃም፣ አንዱን ዓይን በመዳፍ ሙሉ በሙሉ መሸፈን ነው የሚመከረው።

ጭብጨባስ? ኤክስፕሎዥንስ ኢን ዘ ስካይ መጀመሪያ ላይ አጭር ሰላምታ ይሰጡና ከዚያ ሥራዎቹን እያያያዙ ይጫወታሉ፣ ማጨብጨቢያ ክፍተት አይተዉም። በአጠቃላይ ግን ጆሮን ሳይሆን ዓይንን ማመን ይሻላል። የጊታሪስቱ እጅ ገና ገመዱ ላይ ካለ፣ የድራመሩ ዱላ ካልወረደ፣ አላለቀም። እጆች ወርደው ዲሌዩ ብቻውን እየተመላለሰ ከሆነ እሱም የሥራው አካል ነው፤ ይሙት፣ ከዚያ አጨብጭቡ።

ሲወጡ ጆሮ ቢጮህ ብዙ ጊዜ እስከ ማግስቱ ይተዋል። ያን ቀን በጆሮ ማዳመጫ ምንም አትስሙ፣ አልበሙንም ቢሆን። ከሁለት ቀን በኋላም ካልተወ ወይም አንዱ ጆሮ ድፍን ካለ ግን ሳይቆይ ሐኪም ዘንድ ነው። ለዛሬ ይህን ያህል፤ በቀጣዩ ዝግጅት ደግሞ ስለ ድራመሮቹ ብቻ እናወራለን። ደህና ሁኑ።