ከጓሯችን እንጀምር

የተከበራችሁ የወፍ ተመልካቾች ማኅበራችን አባላት፣ ከየወረዳው የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከመንዝና ከአንኮበር ሌሊት ተነስታችሁ፣ ብርዱን ችላችሁ የመጣችሁ አላችሁ። ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ወጥታችሁ ደብረ ብርሃን ስትደርሱ ጋቢ የተዋሳችሁም አላችሁ። ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።

ያለፈው ዓመት ቀላል አልነበረም። ጀማ ሸለቆ እንወርዳለን ብለን ያቀድነው ጉዞ ቀርቷል። የመንዝ ጓሳ ጉዞም እንዳሰብነው አልሆነልንም። መንገዱ ለምን እንዳልተመቸ ሁላችሁም ስለምታውቁት አልዘረዝረውም። አንዳንድ አባላት ግን «ጉዞ ከሌለ ማኅበሩ ምን ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ዛሬ የምናገረውም በአብዛኛው ለእሱ መልስ ነው።

መልሴ ይኸው ነው። ጓሯችን አለ፤ ደብተርም አለ። ወፍ ማየት ማለት ሩቅ አገር ሄዶ ብርቅ ነገር ማሳደድ ብቻ ከመሰለን ብዙ ነገር እያመለጠን ነው። ያየነውን ካልጻፍን ደግሞ ማየታችን ራሱ ከእኛ አያልፍም።

ይህን ስል ከደጃችን የተፈጸመ አንድ ታሪክ እያሰብኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ኦራዚዮ አንቲኖሪ የሚባል ጣሊያናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ወደ ሸዋ መጣ። ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ አንኮበር አጠገብ፣ ልጥ ማረፊያ ላይ ቦታ ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው ሞተ። በነዚያ ዓመታት ከሸዋ ብዙ ወፍ ሰብስቦ ወደ ጣሊያን ልኳል። ወፍ የሚያውቅ፣ ዓይኑ የሠለጠነ ሰው ነበር። ሆኖም እዚያው አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ የምትኖር አንዲት ትንሽ ወፍ ሳትመዘገብ ቀረች።

ያቺን ወፍ ሳይንስ ያወቃት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። አንቲኖሪ ሸዋ ከገባ ከ100 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ጆን አሽ የሚባል እንግሊዛዊ የወፍ ተመራማሪ አንኮበር ላይ አገኛት፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ በጽሑፍ ለዓለም አስተዋወቃት። ሳይንሳዊ ስሟ የአንኮበርን ስም ይዟል። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለችም።

ያያችኋት ታውቃላችሁ፤ ምንም የሚያብረቀርቅ ነገር የላትም። ቡናማ ናት፤ ጀርባዋም ደረቷም በጥቁር ሰረዝ የተዥጎረጎረ ነው። ከገደሉ አፋፍ፣ አጭር ሣርና ድንጋይ ካለበት፣ በመንጋ ሆና ዘር ትለቅማለች። አጎንብሳ ስትሄድ ከመሬቱ አትለይም። ሰው ሲቀርብ መንጋው በአንዴ ብድግ ይልና በገደሉ ቁልቁል ይሰወራል። የአንኮበር እረኛ ይህችን ወፍ ከጥንት ጀምሮ ሲያያት ኖሯል። ያያት ሰው ሞልቶ ነበር፤ የጻፋት ግን አልነበረም።

ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ስትወርዱ ደግሞ ዘመዷ አለች። ይህችኛዋ ጉሮሮዋ ቢጫ ነው። ሳልቫዶሪ የሚባል ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1888 ስም አወጣላት። ከዚያ ለመቶ ዓመት ያህል ወሬዋ ጠፋ። ራሷን የቻለች ዝርያ መሆኗን የተጠራጠሩም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ እንደገና ተገኘች። በዚያ ሁሉ ዘመን የአካባቢው ገበሬ በየማሳው ዳር ሲያያት እንደነበር አልጠራጠርም። ማን ጠይቆት?

ወደ ጓሮው ልመለስ። ደብረ ብርሃን ባለ አንድ ተራ ግቢ ውስጥ እሬት ተተክሏል እንበል። አበባው ሲፈነዳ ረጅም ጅራት ያለው፣ ምንቃሩ እንደ ወስፌ የቀጠነና የቆለመመ ወፍ ይመጣል። በሳይንስ ስሙ የተከዜን ወንዝ ስም የያዘው ወፍ እሱ ነው። ደመና ሲሆን ወንዱን ጥቁር ነው ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ፀሐይ ስትነካው ግን ደረቱ ሐምራዊ፣ ራሱ የመዳብ መልክ ያወጣል። ያ ውበት ላባው ውስጥ ካለ ቀለም አይደለም። ላባው ላይ ያሉት ስስ ድርብርብ ሽፋኖች ብርሃኑን ሲመልሱት የሚፈጠር ነው። ለዚህ ነው ፊቱን ባዞረ ቁጥር መልኩ የሚቀያየረው። ሴቷ ደብዘዝ ያለች ናት። እሷን ለይቶ ለማወቅ ትንሽ ታግሶ መቀመጥ ያስፈልጋል።

ባሕር ዛፍ አትትከሉ አልልም። ማገዶአችንም ገንዘባችንም ነው። ግን የአጥሩን አንድ ጎን ለወይራ፣ ለኮሶ፣ ለቀጋ ብንሰጥ፣ ከበሩ አጠገብም እሬት ብንተክል ወፉ ራሱ ይመጣል። ውኃ ደግሞ ከእህል ይበልጣል፤ በተለይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት። ጠለቅ ያለ ዕቃ አታስቀምጡ፤ ትንንሾቹ ይሰምጣሉ። ዝርግ ሳህን፣ መሐሉ ላይ አንድ ድንጋይ፣ በየቀኑ የሚቀየር ውኃ ይበቃል። ድመት ከማይደበቅበት ቦታ ይሁን። ድንቢጧ ትመጣለች፤ አንገቷ ላይ ነጭ ያላት የደጋ ርግብ ትመጣለች፤ ጎመን የምታበላሽባችሁ ባለ ረጅም ጅራቷም አትቀርም።

ስለ መስቀል ወፍም አንድ ነገር ልበል። ጠፍቶ የከረመ ወዳጅ ሲመጣ «እንደ መስቀል ወፍ ብቅ አልክ» እንላለን። ክረምቱ ሲወጣ በየማሳው ዳር ጥቁርና ቢጫ ለብሶ ላባውን ነፍቶ የሚበረውን ወፍ ብዙ ሰው የመስቀል ወፍ ይለዋል። ይህ ወፍ ወንዱ ነው፤ የሚያጌጠውም ለመራቢያ ወቅቱ ነው። ወቅቱ ሲያልፍ ያን ላባ ያራግፍና እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። በበጋ ከሌሎች ወፎች ጋር ተቀላቅሎ አውድማችን ላይ ይለቅማል። ትከሻው ላይ የምትቀረውን ቢጫ ያየ ሰው ይለየዋል። ዘንድሮ ተማሪዎቻችን ይህን ወፍ ከወር ወር እንዲከታተሉት እፈልጋለሁ። መቼ መልኩን መቀየር እንደሚጀምር ከየቀበሌው ብንመዘግብ ጠቃሚ ነገር እናገኛለን።

እውነተኞቹ መንገደኞች ሌሎች ናቸው። ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ማለቴ ነው። ከብት መሐል ጅራቷን እየወዘወዘች ዝንብ የምትለቅመውን ባለ ቢጫ ደረት ወፍ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ሚያዝያ አካባቢ ወደ መጣችበት ትመለሳለች። መጀመሪያ ያያችሁበትን ቀንና መጨረሻ ያያችሁበትን ቀን ጻፉልኝ። ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ግን ከዓመት ዓመት ሲጠራቀም ብዙ ይናገራል።

ለጉዞ ስንወጣ የምንለው አልተለወጠም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት ቦታው ላይ እንሁን። ፀሐይን ከኋላችን እናድርግ። መነጽር የምትገዙ ስምንት እጥፍ የሚያቀርበውን ምረጡ። አሥር እጥፍ የሚያቀርበው በብርድ የሚንቀጠቀጥ እጅ ላይ ያስቸግራል። ዓይናችሁን ከወፉ ሳትነቅሉ መነጽሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡ፤ ይህን መለማመድ ከመነጽሩ ዋጋ ይበልጣል። ቀለም ከማየታችሁ በፊት መጠኑን፣ ምንቃሩን፣ ምን እየሠራ እንደሆነ እዩ። ደግሞ እባካችሁ የወፍ ድምፅ በስልክ እየከፈታችሁ አትጥሩ፤ በተለይ በሚራቡበት ወቅት። ወፉ ባላንጣ መጣብኝ ብሎ ጎጆውን ትቶ ይወጣል።

ቀጥሎ የምለው ደስ የማይል ነው፤ ግን ማለፍ አልችልም። ገበሬ ወንድሞቻችን ፊት ቆመን ወፍ ሁሉ ይወደድ ማለት አንችልም። ቆላው ላይ ግሪሳ ማሽላ ሲወርር የቤተሰብ የዓመት ቀለብ በቀናት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚውል ልጅ ትምህርቱን ትቶ ነው። ስለዚህ ግሪሳን መከላከል ተገቢ ነው። ነገር ግን ለግሪሳ የሚረጨው ፌንቲዮን የሚባለው መድኃኒት የሚገድለው ግሪሳን ብቻ አይደለም። የሞተውን ግሪሳ የበላ ንስርም፣ ጭልፊትም አብሮ ይሞታል። ከመርጨት በኋላ የሞተ ሌላ ወፍ ያያችሁ አባላት ቦታውንና ቀኑን መዝግቡ። በእጅ ግን አትንኩ።

ጥንብ አንሳም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 እኛ ጋ የሚኖሩ በርካታ የጥንብ አንሳ ዝርያዎች ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ገብተዋል። ትልቁ ምክንያት መርዝ ነው። ለጅብ ወይም ለውሻ የተመረዘ ሥጋ ይጣላል፤ በአንድ በድን ላይ መንጋው ሁሉ ያልቃል። በየሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ነገር ሲታሰብ ቀድማችሁ ተናገሩ። አጥንት ከሰማይ አለት ላይ ጥሎ የሚሰብረውን ባለ ጺሙን አሞራ ጣርማበር ላይ ቆሞ ያየ ሰው ምን እያልኩ እንደሆነ ይገባዋል። ያ ወፍ ከገደሎቻችን ቢጠፋ ሊያጽናናን የሚችል ነገር የለም።

ተስፋ የሚሰጠንም በእጃችን ነው። የመንዝ አባቶች ከ400 ዓመት ገደማ በፊት ጀምረው የጓሳ ሣር መቼ እንደሚከለል፣ መቼ እንደሚታጨድ በራሳቸው ሕግ ወስነዋል። ዓላማቸው ለቤት ክዳንና ለከብት ሣር ማቆየት ነበር። ሣሩ ሲጠበቅ ግን ቀይ ቀበሮውም፣ ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይም፣ ያቺ የአንኮበር ወፍም አብረው ተጠበቁ። ከመንዝ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ስናገር እናንተን እያየሁ ነው።

ለሚመጣው ዓመት የሥራ አመራሩ ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነው። እያንዳንዱ አባል አንድ ደብተር ይያዝ። በሳምንት አንድ ጠዋት፣ ከአንድ ቦታ፣ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ ያየውን ወፍና ብዛቱን ይጻፍ። ስሙን የማያውቀውን በመልኩ ይግለጸው፤ አብረን እንለየዋለን። ምንም ካላየም «ምንም አላየሁም» ብሎ ይጻፍ፤ እሱም መረጃ ነው። የዓመቱን መዝገብ አጠናቅረን እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ለሚሠራው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እንድንልክ ጉባኤው እንዲወስን እንጠይቃለን። ከሰዓት በኋላ ትወያዩበታላችሁ፤ የሚሻል ሐሳብ ያለው ያምጣ።

ነገ ጠዋት በረሳ ወንዝ ዳር እንወጣለን። ሩቅ አይደለም፤ በእግር ነው። ሰማያዊ ክንፍ ያላቸው ዝዮች ሣሩ ላይ ሲቆሙም ሲራመዱም አንገታቸውን ወደ ኋላ ሰብረው ጀርባቸው ላይ ያሳርፋሉ፤ ልጆቹ ይህን ልብ እንዲሉ አሳዩልኝ። መነጽር የሌለው ካለው ጋር ይጣመር። 12 ሰዓት ላይ ከዚሁ በር እንነሳለን። ወፍራም ልብስ አትርሱ።

ዓመታዊ ጉባኤያችን በይፋ ተከፍቷል። የሥራ ሪፖርቱን እንዲያቀርቡልን ጸሐፊያችንን እጋብዛለሁ። አመሰግናለሁ።